የድንጋይ ከሰል ቁፋሮ፣ የምንጭ ውኃና የተቆጣጣሪው ጉብኝት

በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በቦረና፣ በወግዲ፣ በለጋምቦ፣ በከላላና በሳይንት ደጋ የምትኖሩ ገበሬዎች፣ እናንተም በየቀበሌው የምትሠሩ የልማት ሠራተኞች፤ ዛሬ የምንገልጽላችሁ ነገር ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ አይደለም። ስለ ድንጋይ ከሰል ነው። ነገር ግን ከሰል የሚወጣው ከመሬት ውስጥ ስለሆነ፣ መሬቱም የሚታረስና ከብት የሚሰማራበት ስለሆነ፣ ጉዳዩ ከእርሻ የራቀ አይደለም። ማዕድን ቆፋሪ ፈቃድ ይዞ ወደ አንድ ቀበሌ በመጣ ጊዜ ሥራውን የሚመለከት የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ከኋላው ይመጣል። ተቆጣጣሪው ምን ለማየት እንደሚመጣ፣ ገበሬውም ምን ይዞ ሊጠብቀው እንደሚገባ አስቀድሞ ያልታወቀ እንደ ሆነ፣ ያ ቀን በሰላምታና በቡና ያልፋል።

ከሰል መቆፈሩን የምንቃወም አይደለንም። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ለምድጃቸው የሚሆነውን ከሰል ለብዙ ዓመታት በውጭ ምንዛሪ እየገዙ፣ ይልቁንም ከደቡብ አፍሪካ፣ ያስመጡ ነበር። ይህን በአገር ውስጥ ከሰል ለመተካት መንግሥት በቅርብ ዓመታት ስለ ተጋ ፍለጋው በየቦታው በርትቷል። ከሰሉ መንገድም ሥራም ሊያመጣ ይችላል። እኛ የምንለው፣ ቆፋሪው ከሰሉን ወስዶ ሲሄድ ምንጩና ማሳው ለገበሬው ይቅርለት ነው።

ከሰልና ምንጭ ለምን አንድ ላይ እንደሚነሡ ለመረዳት የተራራችንን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የአገራችን ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ እየተደራረበ በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ነው። በአንዱ ፍሳሽና በሌላው መካከል ረጅም ጊዜ ባለፈባቸው ቦታዎች ሐይቅና ረግረግ ተፈጠረ፤ በረግረጉም ዛፍና ሣር እየበቀለ ወደቀ፣ በጭቃም ተዳፈነ፤ ከዚያም ሌላ ፍሳሽ መጥቶ ከደነው። ያ የተዳፈነ ዕፅዋት ነው ዛሬ ከሰል የምንለው። በጎንደር በኩል በጭልጋ ያለው 27 ሚሊዮን፣ ከደብረ ብርሃን አጠገብ በሙሽ ሸለቆ ያለው 22 ሚሊዮን ዓመት ግድም ይሆነዋል። በደቡብ ወሎም በውጫሌ በኩል ከሰል መኖሩ ከታወቀ ቆይቷል።

እንግዲህ የላይኛው ጥቁር ድንጋይ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ የክረምቱን ዝናብ ያሰርጋል። ውኃው ወደ ታች ሲወርድ ከሰሉን ያቀፈውን ሸክላ አፈር ያገኛል። ሸክላው አያሳልፈውም። ስለዚህ ወደ ጎን ሄዶ በተረተሩ ወገብ ላይ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ከሰል ፈላጊው የሚፈልገው ንብርና እናንተ ውኃ የምትቀዱበት ንብር አንድ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ቆፋሪው ከምንጩ ዝቅ ብሎ ጉድጓድ የከፈተ እንደ ሆነ፣ ውኃው ወደ ጉድጓዱ ያዘነብላል። ጉድጓዱ ውስጥ የገባውን ውኃ ሠራተኞቹ በሞተር ስበው ያወጡታል፤ ምንጩ ግን ቀስ እያለ ይቀንሳል። በአንድ ቀን አይደርቅም። መጀመሪያ በግንቦት ይሳሳል፤ ዓመት ቆይቶ በመጋቢት ይሳሳል። ገበሬውም «ዘንድሮ በልጉ ስለ ቀረ ነው» ይላል፤ ቆፋሪውም እንደዚያው ይላል። ሁለቱንም የሚዳኝ ነገር የለም።

ሁለተኛው ጉዳት የውኃው መኮምጠጥ ነው። በከሰልና ከሰሉን ባቀፈው ድንጋይ ውስጥ ብዙ ጊዜ የብረትና የድኝ ውሁድ ይገኛል፤ ሲያዩት እንደ ወርቅ ያብለጨልጫል። ከመሬት ውስጥ ተዳፍኖ ሳለ ጉዳት የለውም። ወጥቶ አየርና ዝናብ ሲያገኘው ግን ድኙ ወደ ኃይለኛ አሲድ ይለወጣል፤ ይኸውም በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። አሲዱ በበኩሉ ከድንጋዩ ውስጥ ብረትና ሌሎችንም ማዕድናት አሟሙቶ ወደ ጅረቱ ያወርዳል። በጅረቱ ወለል ላይ እንደ ዝገት ያለ ብርቱካንማ ዝቃጭ ይነጠፋል፤ እንቁራሪቱና ትሉ ይጠፋል፤ ድንጋዩ ላይ የነበረው አረንጓዴ ይሞታል። በዚህ ውኃ መስኖ የጠጣ ማሳ ከዓመት ወደ ዓመት እየኮመጠጠ ይሄዳል። የአፈር ኮምጣጣነት የሚለካው ፒ ኤች በሚባለው ቍጥር ነው፤ 7 ልክ መካከል ነው፣ ከዚያ እያነሰ ሲሄድ ኮምጣጣነቱ ይበረታል። አፈር ከ5.5 በታች ሲወርድ ገብስና ባቄላ፣ የደጋችን ዋና አዝመራዎች፣ ቶሎ ይጎዳሉ፤ ሥራቸው ያጥራል፣ የሰጣችሁትንም ፎስፎር አያገኙትም። አፈሩን ለማዳን ኖራ መበተን ይቻላል፤ ነገር ግን ኖራ በኩንታል ተገዝቶ፣ በጀርባም በአህያም ተጭኖ ወደ ደጋ የሚወጣ ስለሆነ ወጪውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

አንድ ነገር ግን እንጨምር። ብርቱካንማ ዝቃጭ ሁሉ ከማዕድን የመጣ አይደለም። ረግረግ ባለበት ቦታ፣ ማንም ሳይቆፍር፣ ዝገት መሰል ውኃ ከመሬት ሲሰርግ አይታችሁ ይሆናል። ቆፋሪው «ይህ ድሮም የነበረ ነው» ቢል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሐሰትም ሊሆን ይችላል። ከቁፋሮው በፊት የተጻፈ ነገር ከሌለ ተቆጣጣሪው ሊፈርድ አይችልም።

ሦስተኛው ጉዳት የአፈር ክምር ነው። ከሰሉን ለማግኘት ከላዩ ያለው አፈርና ድንጋይ ተነሥቶ አንድ ቦታ መከመር አለበት። ይህ ክምር የት እንደሚቀመጥ የሚመለከት ታሪክ አለና በጥቂቱ እንንገራችሁ፤ አገሩ ሩቅ ቢሆንም መሬቱ እንደኛ ተዳፋትና ዝናባም ነው።

በእንግሊዝ ደሴት በዌልስ አገር አበርፋን የሚባል የከሰል ቆፋሪዎች መንደር አለ። ከማዕድኑ የሚወጣው ቆሻሻ ከመንደሩ በላይ በተራራው ላይ ይከመር ነበር። ሰባተኛው ክምር በ1950 ዓ.ም. ሲጀመር የተቀመጠው ምንጭ ከሚወጣበት ቦታ ላይ ነበር፤ ምንጮቹ በካርታ ላይ ተመልክተው ሳለ ማንም አላየም። በ1955 ዓ.ም. የአካባቢው ምክር ቤት ክምሩ ከትምህርት ቤቱ በላይ አደገኛ መሆኑን ጠቅሶ ደብዳቤ ጻፈ።  ጥቅምት 11 ቀን 1959 ዓ.ም. ጧት፣ ልጆች ወደ ክፍላቸው እንደ ገቡ፣ በውኃ የራሰው ክምር ተንዶ ትምህርት ቤቱንና በዙሪያው የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። 144 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ 116ቱ ልጆች ነበሩ። በዚያው በ1959 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው የመርማሪ ጉባኤ ዘገባ ጥፋቱን ማዕድኑን በሚያስተዳድረው የከሰል ቦርድ ላይ አደረገ። በ1961 ዓ.ም. ስለ ማዕድን ክምሮች ልዩ ሕግ ወጣ።

ክምር በምንጭ ላይ አይቀመጥም የሚለውን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። የእኛ ገበሬ ጎተራውን በሚሰርግ ቦታ ላይ አይሠራም። ደግሞም ክምር ሳይጨመርበትም ቢሆን በክረምት ውኃ የጠገበ ተዳፋት ምን እንደሚያደርግ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ታይቷል፤ በዚያ ናዳ ከ200 የሚበልጥ ሰው ሞቷል። ስለዚህ ክምሩ በቦረቦር ራስ ላይ፣ በምንጭ ላይ፣ ወይም ከመንደር በላይ ተከምሮ ያያችሁ እንደ ሆነ፣ ቆፋሪው ጊዜያዊ ነው ቢላችሁም፣ ክረምት ሳይገባ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ ነው።

አቧራው፣ የድማሚቱ ድምፅ፣ የግድግዳ መሰንጠቅ፣ የከባድ መኪና መንገድ የሚያመጣው ጣጣ፣ እነዚህም ሁሉ አሉ። ነገር ግን በዓይን የሚታዩና በጆሮ የሚሰሙ ስለሆኑ ገበሬው ራሱ ይናገራቸዋል። እኛን የሚያሳስበን ዝም ብሎ የሚመጣው ነው።

አሁን ወደ ተቆጣጣሪው እንምጣ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማን የሚመለከተው አዋጅ ቍጥር 299 በ1995 ዓ.ም. ወጣ። አዋጁ የደነገገው በአጭሩ ይህ ነው፤ ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ ከሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይሁንታ ሳያገኝ አይጀመርም። የጥናቱ ጽሑፍ ለሕዝብ እንዲታይ ይደረጋል፤ በተለይም ሥራው የሚነካቸው ሰዎች አሳብ ይጠየቃል። ሥራው ከተፈቀደ በኋላም መሥሪያ ቤቱ ባለ ፈቃዱ የገባውን ግዴታ መፈጸሙን ይከታተላል፤ ካልፈጸመም እንዲያርም ያዝዛል። ከዚህ ጋራ በዚያው ዓመት የወጣው የብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300 ለተቆጣጣሪው ሰፊ ሥልጣን ሰጠ። ይኸውም አስቀድሞ ሳያስታውቅና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይዝ ወደ ማናቸውም ቦታ ሊገባ፣ ሊጠይቅ፣ ፎቶግራፍ ሊያነሣ፣ ሊለካና ናሙና ሊወስድ እንደሚችል ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን አዋጅ ቍጥር 678ም ባለ ፈቃዱ የተጎዳውን መሬት መልሶ ለማቅናት የሚሆን ገንዘብ እንዲመድብ አስገድዷል። ሕግ እየቆየ ይሻሻላልና የልማት ሠራተኛው በሥራ ላይ ያለውን ቅጂ ከወረዳው አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ በቀበሌው ያስቀምጥ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለገበሬው የሚጠቅመው ወረቀት ያ የተፅዕኖ ጥናት ነው። በውስጡ ቆፋሪው በፊርማው የገባቸው ግዴታዎች ተዘርዝረዋል፤ አፈሩን የት እንደሚያስቀምጥ፣ ውኃውን እንዴት እንደሚያጣራ፣ ምንጭ ቢደርቅ በምን እንደሚተካ። ተቆጣጣሪው የሚለካው በዚህ ወረቀት ነው። ያልተጻፈውን ነገር «ለምን አልፈጸምህም» ብሎ ለመጠየቅ ይቸግረዋል። ስለዚህ ጥናቱ ለሕዝብ በቀረበ ጊዜ ምንጫችሁ በስሙ ተጽፎ እንደ ሆነ አስነብቡ። «በአካባቢው አንዳንድ ምንጮች ይገኛሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር አይበቃም። የምንጩ ስም፣ የሚጠቀሙበት አባወራዎች ብዛት፣ የሚጠጡት ከብቶች ይጻፍ በሉ። ካልተጻፈም በዚያው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር አድርጉ።

ማዕድኑ ገና በመሠራት ላይ ሳለ፣ ማለትም መንገድ እየተጠረገ፣ አፈር እየተገፈፈ፣ የሠራተኛ ቤት እየተሠራ ሳለ የሚደረገው ጉብኝት ከኋለኛው ሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል። ከሰል መጫን ከተጀመረ በኋላ ክምሩን ከምንጭ ላይ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ማን ይችላል? ገና ሲጀመር ግን በአንድ ቀን ትእዛዝ ቦታው ሊለወጥ ይችላል። በዚህ ወቅት ተቆጣጣሪው የሚያያቸውን ነገሮች እናንተም ልታዩ ትችላላችሁ። የፈቃዱ ወሰን በምልክት ተከሏልን? ማሽኑ ከምልክቱ አልፎ ወደ ግጦሹ አልገባምን? ከላይ ያለው ለም አፈር ከሥረኛው ተለይቶ ተነሥቷልን? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለእኛ ለእርሻ ሰዎች ታላቅ ነገር ነው። በወሎ ደጋ ለም አፈር በብዙ ዘመን ጎርፍ ተጠርጎ የቀረው ጥቂት ነው። ያ ስንዝር ወይም ሁለት ስንዝር አፈር ከሥሩ ካለው ድንጋይና ሸክላ ጋራ ተደባልቆ አንድ ክምር ከሆነ፣ ማዕድኑ ሲዘጋ መሬቱን መልሶ ማልማት የሚባለው ነገር ባዶ ቃል ይሆናል። ለም አፈር ለብቻው፣ ከሰው ቁመት ብዙ ሳይበልጥ፣ ሣር ተዘርቶበት፣ ውኃ እንዳይጠርገው በዙሪያው ቦይ ተቀዶለት ሊቀመጥ ይገባዋል። በጣም ከፍ ብሎ የተከመረ አፈር ውስጡ አየር አጥቶ ነፍሱ ይሞታል።

ቀጥሎ ውኃውን ይመለከታል። ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ወደ ጉድጓዱ እንዳይገባ ከበላዩ መቀልበሻ ቦይ ሊኖር ይገባል። ከጉድጓዱና ከክምሩ የሚወጣው ውኃ ደግሞ ወደ ጅረቱ ከመለቀቁ በፊት በኩሬ ውስጥ ተኝቶ ጭቃውን ማዝቀጥ አለበት፤ ኮምጣጣ ከሆነም በኖራ መታከም አለበት። ኩሬዎቹ ከሰኔ በፊት ተሠርተው ካላለቁ አልተሠሩም እንደ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው የሐምሌ ዝናብ ጭቃውን ሁሉ ወደ ታች ያወርደዋል። ከቦረናም ከወግዲም ከሳይንትም የሚወርደው ውኃ ሁሉ፣ በበሽሎ ቢዞርም በቀጥታ ቢሄድም፣ መጨረሻው ዓባይ ነው። ዓባይ ጋ ከመድረሱ በፊት ግን በስንት ሰው የመስኖ ቦይ እንደሚያልፍ ቍጠሩ።

በዚህ ላይ የእኛን አስተያየት እንናገር። የጉብኝት ጊዜ ብዙውን ጊዜ በጋ ነው፤ መንገዱ ደረቅ ስለሆነ መኪና ይገባል። በበጋ ደግሞ ኩሬው ደረቅ፣ ክምሩ ጽኑ፣ ጅረቱ ጥርት ያለ ነው። ጥፋት ካለ የሚታየው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ተቆጣጣሪ በበቅሎም በእግርም ቢሆን አንድ ጊዜ በክረምት እንዲመጣ ቀበሌው በጽሑፍ ሊጠይቅ ይገባል። ካልመጣም በዚያ ወቅት የሚያየው ሌላ ዓይን የገበሬው ዓይን ብቻ ነው።

ለዚህ ነው መዝገብ ያዙ የምንላችሁ። ከባድ ሥራ አይደለም። አንድ የ20 ሊትር ጀሪካን፣ ሰዓት ያለው ስልክና አንድ ደብተር ይበቃል። በወር አንድ ቀን፣ በተወሰነ ቀን፣ ጧት ሰው ሳይቀዳ፣ ከምንጩ አፍ ላይ ጀሪካኑን ደቅኑና እስኪሞላ የሚፈጀውን ጊዜ ጻፉ። ለምሳሌ ያህል በሁለት ደቂቃ የሚሞላ ምንጭ በሰዓት 600 ሊትር፣ በቀንና በሌሊት 14,400 ሊትር ይሰጣል። በምንጩ 60 አባወራ ቢጠቀም፣ በየቤቱም አምስት ነፍስ ቢኖር፣ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ብናስብ ሰው የሚወስደው 6,000 ሊትር ነው። የቀረው 8,400 ሊትር ለከብት ነው፤ ለአንድ ከብት 30 ሊትር ቢደረግ 280 ከብት ያጠጣል። አሁን ጀሪካኑ የሚሞላበት ጊዜ ወደ አራት ደቂቃ አደገ እንበል። ምንጩ 7,200 ሊትር ብቻ ይሰጣል፤ ሰው ከቀዳ በኋላ ለከብት የሚተርፈው 1,200 ሊትር፣ ይኸውም ለ40 ከብት ነው። 240 ከብት ወዴት ይሄዳል? ተቆጣጣሪ ፊት «ምንጫችን ቀንሷል» ከማለትና ይህን ሂሳብ ከነቀኑ ከማቅረብ የትኛው እንደሚሰማ መናገር አያሻም።

ከጊዜው ጎን የውኃውን መልክ ጻፉ፤ ጥርት ያለ፣ የደፈረሰ፣ ዝገት የሚመስል ብላችሁ። በጠራ ጠርሙስ ቀድታችሁ ፎቶግራፍ አንሡ። የልማት ሠራተኛው የፒ ኤች መለኪያ ወረቀት ከወረዳ ቢያመጣ መልካም ነው፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ አጠቃቀሙም ቀለም ማስተያየት ብቻ ነው። ለመጠጥ የሚሆን ውኃ ከ6.5 እስከ 8.5 ባለው መካከል ሊሆን ይገባል። ከማሳም ናሙና ይወሰድ፤ ከአንድ ማሳ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ፣ በንጹሕ ዕቃ ተደባልቆ፣ ግማሽ ኪሎ ያህሉ በከረጢት ተደርጎ፣ የማሳው ባለቤት ስም፣ ቦታውና ቀኑ ተጽፎበት ይቀመጥ። በኮሌጅ የአፈር ትምህርት ስንማር ስያሜ የሌለው ናሙና አፈር ብቻ ነው ይባል ነበር፤ ስለዚህ ቀኑን አትርሱ።

መዝገቡን ማን ይያዘው ለሚለው፣ ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ይያዙት እንላለን። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚነጋገረው ብዙ ጊዜ ከሊቀ መንበሩና ከሽማግሌዎች ጋራ ነው። ነገር ግን ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚሳሳ፣ እንሥራው ለመሙላት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ፣ ውኃው መቼ ጣዕሙን እንደ ለወጠ የሚያውቁት በየቀኑ የሚወርዱት እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ ብትጽፍላቸው ይበቃል። በጉብኝቱም ቀን እነርሱ በምንጩ አጠገብ ይገኙ፤ ተቆጣጣሪውንም ከጉድጓዱ ብቻ ሳይሆን ከምንጩም አድርሱት። ናሙና ሲወስድ በሁለት ጠርሙስ እንዲቀዳ፣ አንዱ ታሽጎ በቀበሌው እንዲቀመጥ በትሕትና ጠይቁ።

ያልተመዘገበ ነገር ኋላ እንዴት እንደሚያስቸግር በአገራችን ከታየው አንዱ የለገ ደንቢ የወርቅ ማዕድን ነው። ነዋሪዎች ከማዕድኑ በሚወጣ ኬሚካል ልጆቻችንና ከብቶቻችን ተጎዱ ብለው ከጮኹ በኋላ ፈቃዱ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ታገደ። ጉዳቱ ከምን እንደ መጣ ለማወቅ ከዚያ ወዲህ ጥናት ተደረገ፤ ማዕድኑ ግን ከአያሌ ዓመታት በፊት ሥራ ጀምሮ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ሥራው እንደገና ተከፈተ። የያዩም ነገር ለእኛ ለገበሬዎች ወገን ሌላ ማስጠንቀቂያ ይዟል። በኢሉባቦር በያዩ ከከሰል ዩሪያ ማዳበሪያ እንዲሠራ ታስቦ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ፋብሪካ መሥራት ተጀመረ፤ ያ አካባቢ የጫካ ቡና አገር ሆኖ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። መሬት ተጠረገ፣ ሰዎች ተነሡ፤ ሥራው ግን ለዓመታት ተጓትቶ በመካከል ቀረ፣ ማዳበሪያውም ለገበሬ አልደረሰም። በመሠራት ላይ ያለ ማዕድን ሳይፈጸም ሊቀር እንደሚችል ከዚህ ይታያል። እንግዲህ የመሬት ማቅኛው ገንዘብ ከሰል ከተሸጠ በኋላ ይመደባል የሚል አሳብ ቢቀርብላችሁ አትቀበሉ፤ ገና ከጅምሩ መመደቡን ተቆጣጣሪው እንዲያረጋግጥ ጠይቁ።

መሬታችሁ በወሰኑ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ደግሞ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራችሁን፣ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ምርት፣ የባሕር ዛፉንና የፍሬውን ዛፍ ብዛት በጽሑፍ ያዙ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1161 ምትክ መሬት ላልተገኘለት ገበሬ ካሣውን ያሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ አድርጎ ነው። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ስለ ተሻሻለ የአሁኑን አሠራር ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ስሌቱ እንዴትም ቢሆን ከምርት መዝገብ ይነሣልና ጎተራ ሲገባ በቁና ለክታችሁ ጻፉ።

ተቆጣጣሪው ከሄደ በኋላ ነገሩ ሳይታረም የቀረ እንደ ሆነ አቤቱታ በጽሑፍ ይቅረብ። በአዋጅ ቍጥር 300 መሠረት አካባቢን የሚጎዳ ወይም ሊጎዳ የሚችል ሥራ ያየ ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ ባይደርስም፣ ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ማመልከት እንዲችል ተደርጓል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። መንገዱ ከወረዳው ይጀምራል፤ ቀጥሎ በደሴ ያለው የዞኑ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም በባሕር ዳር ያለው የክልሉ የአካባቢና ደን ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ፈቃዱ ከፌዴራል መንግሥት የተሰጠ እንደ ሆነ አዲስ አበባ ላለው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንም ግልባጭ ይላክ። ማመልከቻው አጭር ይሁን፤ ቦታው፣ ቀኑ፣ የታየው ነገር፣ የምንጩ መዝገብ ቅጂ፣ እንዲደረግ የሚፈለገው። የተቀበለው ሰው ቀንና ማኅተም ያሳርፍበት፤ 30ው ቀን የሚቈጠረው ከዚያ ነው።

ለልማት ሠራተኞች የምናሳስበው፣ የምንጩ መዝገብ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ከቁፋሮው በፊት የሄደ ቢሆን መልካም ነው፤ ክረምቱም በጋውም በልጉም እንዲገባበት። ይህ ካልተቻለ ፈቃድ መሰጠቱ በተሰማበት ሳምንት ይጀመር። ከቁፋሮው ርቆ ባለ፣ ቆፋሪው በማይነካው አንድ ሌላ ምንጭም ላይ በዚያው ቀን ልኬት ይያዝ፤ ያኛው ሳይቀንስ ይህኛው የቀነሰ እንደ ሆነ «ዝናብ ስላነሰ ነው» የሚለው መልስ አይሠራም። ደብተሩ በሦስት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ በቀበሌ፣ አንዱ በልማት ጣቢያ፣ አንዱ በምንጩ ተጠቃሚዎች ቤት። የሚለካበትንም ጀሪካን ምልክት አድርጋችሁ ለብቻው አስቀምጡት፤ ጀሪካን እየቆየ ይጎብጣልና 20 ሊትር የሚይዝ መሆኑን በየዓመቱ በአዲስ ጀሪካን አስተያዩት።